ከገመዱ በፊት ሰው

የገና ሌሊት በሚኒያፖሊስም ሆነ በኤድመንተን የሚውለው ብርዱ በሚበረታበት ወቅት ነው። ጃንዋሪ 6 ማምሻውን የተጀመረው ማኅሌትና ቅዳሴ የሚያበቃው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ከአርባ ቀን በላይ የጾሙ፣ ከዋዜማው ጀምሮ እንቅልፍ በዓይናቸው ያልዞረ ምእመናን ልጆቻቸውን ታቅፈው፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ ወደ መኪኖቻቸው ይወጣሉ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከከተማ ወጣ ባለ አውራ ጎዳና ላይ፣ አንዲት መኪና ድልድይ ስትሻገር የኋላ ጎማዎቿ ይከዷታል። አሽከርካሪው ደንግጦ ፍሬን ይረግጣል፤ መኪናዋ ግማሽ ዙር ትዞርና በቀኝ በኩል ወዳለው ቦይ ትንሸራተታለች። በረዶው እስከ በሯ ወገብ ይውጣታል። የተጎዳ ሰው የለም። አሽከርካሪው ስልኩን ያነሣና ፒካፕ ላለው ጓደኛው ይደውላል። ጓደኛውም ጥያቄ ሳያበዛ «አይዞህ ወንድሜ፣ መጣሁ፤ እዚያው ጠብቀኝ» ይላል። ሰንሰለቱን ከጋራዡ አንሥቶ ይወጣል።

በየዓመቱ ብርዱ በገባ ቁጥር ይህን የመሰለ ጥሪ በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ፣ በአልበርታና በኦንታሪዮ ከሐበሻ ወደ ሐበሻ ይደወላል። የጠሪውም የተጠሪውም ልብ ቅን ነው። ባዕድ አገር ላይ፣ በእኩለ ሌሊት፣ «መጣሁ» የሚል ሰው ማግኘት ትልቅ ሀብት ነው፤ ይህ ጽሑፍም ያንን ሀብት ለማቃለል አልተጻፈም። የሚከራከረው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ብዙዎቻችን ጓደኛችን ቦይ ውስጥ ገባ ሲባል የምናስበው መኪናውን ማውጣት ነው፤ ከቤት የምንወጣውም ገመድና ሰንሰለት ይዘን ነው። በበረዶ መንገድ ላይ ግን በጣም አደገኛው ሰዓት መኪናዋ ቦይ ውስጥ የገባችበት ሳይሆን እኛ እናወጣታለን ብለን መንገድ ዳር የምንቆምበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የጓደኛ ተግባር መጀመሪያ ሰውን ከብርድና ከተሽከርካሪ ፍሰት ማራቅ ነው፤ መኪናዋ እስኪነጋ፣ አስፈላጊም ከሆነ እስከ ማግስቱ ብትቆይ ምንም አትሆንም። ይህን ለማለት የሚያበቃው ማስረጃ የሚጀምረው ከራሱ ከቦዩ ነው።

በሰሜን አሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ዳር የሚታየው ሰፊ ቦይ በአጋጣሚ የተቆፈረ አይደለም። አንዱ ሥራው የዝናብንና የቀለጠ በረዶን ውኃ ከአስፋልቱ ሥር ማራቅ፣ ሌላው ደግሞ የበረዶ መጥረጊያ መኪናዎች የሚገፉትን በረዶ መቀበል ነው። ሦስተኛው ሥራው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ መንገድ መሐንዲሶች ከመስመሩ የወጣ ተሽከርካሪ ከዛፍ፣ ከምሰሶና ከድንጋይ ጋር ሳይጋጭ የሚቆምበት፣ ዘጠኝ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ነፃ ቦታ በመንገዱ ዳር እንዲተው መክረዋል። የቦዩ ጎን ቁልቁለት ለአራት ሜትር አግድም አንድ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ አሽከርካሪው መኪናውን ተቆጣጥሮ የመመለስ ዕድል እንዳለው ይታሰባል፤ ለሦስት ሜትር አንድ ሜትር ሲሆን መመለሱ ያዳግታል፣ ግን መኪናው ሳይገለበጥ ወደ ታች ይወርዳል ተብሎ ይጠበቃል። እንግዲህ ያችን መኪና የተቀበላት ቦይ ሲሠራም እንዲቀበላት ታስቦበት ነው። በውስጡም ለስላሳ በረዶ ተቆልሏል። መኪናዋ ካልተገለበጠች፣ ውኃ ውስጥ ካልገባች፣ የተጎዳ ሰው ከሌለባትና የነዳጅ ሽታ ከሌለ፣ ከፍሰቱ በብዙ ሜትር ርቃ የተቀመጠችው ያች መኪና ከአስፋልቱ ጠርዝ ከቆመው የረዳቱ ፒካፕ ይልቅ የተጠበቀ ቦታ ላይ ናት። ከእነዚህ አንዱ ካለ ግን ነገሩ የጓደኛ መሆኑ ይቀራል፤ ወዲያውኑ 911 መደወል ነው።

ከአስፋልቱ ጠርዝ መቆም ለምን እንደሚያስፈራ የሚያሳየው ቀላል ስሌት ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ፣ ፍሬኑ ከተያዘበት ቅጽበት ጀምሮ 45 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። በተረገጠ በረዶ ላይ ጎማ መንገዱን የሚጨብጥበት ኃይል ከሦስት እጅ አንድ እጅ ወይም ከዚያ በታች ስለሚሆን፣ ያው መኪና ለመቆም 160 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በግግር በረዶ ላይ ደግሞ ርቀቱ ከ300 ሜትር ያልፋል። አሽከርካሪው አይቶ እስኪወስን የሚያልፈው ርቀት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። በሌሊት የተለመደው የፊት መብራት ደግሞ ይህን ያህል ሩቅ አያሳይም፤ የሚመጣው ሰው የረዳቱን ፍሬቻ ሲያይ ብዙ ጊዜ መቆም የሚችልበት ርቀት አልፎታል። በዚያ ላይ ጓደኛችንን ከመንገድ ያወጣው ግግር ገና እዚያው ነው። ድልድይ ከላይም ከታችም ቀዝቃዛ አየር ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይጋገራል፤ ግግሩም ስስና አስፋልት መሳይ ስለሆነ ዓይን አይለየውም። በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የአስፋልቱ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ኃይሉ እጅግ ይዳከማል፤ በሚኒያፖሊስ ደግሞ የጃንዋሪ ሌሊት አማካይ ዝቅተኛ ሙቀት ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱ በተንሸራተተበት ቦታ ሁለተኛውና ሦስተኛው መንሸራተታቸው የሚጠበቅ ነገር ነው። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2021 ማለዳ በቴክሳስ ፎርት ዎርዝ፣ ብርድ በማያዘወትረው አገር፣ አንድ ስስ ግግር ከ130 በላይ ተሽከርካሪዎችን በአንድ መንገድ ላይ አጋጭቶ የ6 ሰዎችን ሕይወት ወስዷል።

ይህን አደጋ ሕጉም ያውቀዋል። የሚኒሶታ ሀይዌይ ፖሊስ ባልደረባ የነበረው ቴድ ፎስ በኦገስት 2000 ኢንተርስቴት 90 ዳር አንድ መኪና አስቁሞ ቆሞ ሳለ በሚያልፍ ተሽከርካሪ ተገጭቶ ሞተ። ወሩ የበጋ ወር ነበር፤ በመንገዱ ላይ በረዶ የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሚኒሶታ በስሙ የሚጠራ ሕግ አወጣች፤ ዛሬ በ50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች መንገድ ዳር የቆመ የአደጋ ጊዜ መኪና ያየ አሽከርካሪ መስመር እንዲቀይር ወይም ፍጥነት እንዲቀንስ ይገደዳል። የደንብ ልብስ የለበሰ፣ መብራቱ ከሩቅ የሚብለጨለጭ፣ ሥልጠና ያለው ፖሊስ በደረቅ መንገድ ዳር ቆሞ ከሞተ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ የእኛ ሰው በበረዶ ሌሊት ያለበትን አደጋ መገመት አያዳግትም። በአይዋ ግዛት ደግሞ ማዕበሉ ሲበረታ ቦይ ውስጥ የገቡ መኪናዎች እንዳይጎተቱ ለጊዜው የሚከለከልበት አሠራር አለ። የከባድ ጎታች መኪና ባለሙያዎች እንኳ ማዕበሉ እስኪያልፍ ሥራቸውን ያቆማሉ። በአልበርታ መንገዶች ዳር የቆመች መኪና ላይ የፖሊስ ቢጫ ጥብጣብ ታስሮ ከታየ፣ ሰው እንደሌለባት ተረጋግጧል ማለት ነው፤ መኪናዋ ባለችበት ትቆያለች። ሰውን አውጥቶ ብረቱን ማቆየት እነዚህ አገሮች ከብዙ ክረምት ልምድ የደረሱበት አሠራር ነው።

የእኛ ልማድ ከሌላ መንገድ የመጣ ነው፤ ያንን መንገድ ማስታወስም ልማዱን ለመረዳት ይጠቅማል። በአገር ቤት ክረምት ሲገባ በጥቁር አፈር ላይ አውቶቡስ ይያዛል። ረዳቱ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ይወርዳል፣ በአካባቢው ያለ ገበሬ ዶማና ድንጋይ ይዞ ይመጣል፤ ከጎማው ሥር ቅጠልና ድንጋይ ይጠቀጠቃል፤ ሃያና ሠላሳ ሰው «ሆ!» ብሎ ይገፋል። ይህ ደቦ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ትክክለኛውም ዘዴ ይኸው ነው። ጭቃው ራሱ የሚመጣውን ሁሉ ያዘገየዋል፤ ከኋላ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር እየበረረ የሚመጣ ተሳቢ የለም፤ የሚገፋው ሰው እግሩ ጭቃ ውስጥ ስለሚገባ አይንሸራተትም፤ ቢመሽ እንኳ ብርዱ በሰዓታት ውስጥ ሰው አይገድልም። በሰሜን አሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ እነዚህ ሁሉ ተገልብጠዋል። በግግር ላይ የቆመ ሰው መኪና ሲገፋ መጀመሪያ የሚንሸራተተው እሱ ነው፤ የሚወድቀውም ጎማው አጠገብ ነው። የሰው ብዛት ያኔ ጉልበት መሆኑ ቀርቶ ለአደጋ የተጋለጠ ሰው መጨመር ይሆናል። ለጓደኛ ሲባል አምስት መኪና ተከታትሎ ሄዶ ከአስፋልቱ ጠርዝ መደርደር፣ በልባችን ውስጥ ክብር ያለው ነገር ቢሆንም፣ አምስት የሚገጩ ነገሮችን መደርደር ነው።

አሁን ወደ ገመዱ እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ነውና። ሁለት ቶን የሚመዝን፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ፒካፕ በተረገጠ በረዶ ላይ ቆሞ የሚስበው ኃይል ቢበዛ 400 ኪሎ ያህል ክብደት የሚያነሣ ነው፤ በግግር ላይ ግማሹ ነው። የሞተሩ ጉልበት እዚህ ላይ አይረዳም፤ ወሳኙ ጎማው መንገዱን የሚጨብጥበት ኃይል ነው። ቦዩ ውስጥ ያለችው መኪና አንድ ቶን ተኩል ብትመዝን፣ ከአራት አንድ በሆነ ቁልቁለት ላይ ክብደቷ ብቻ ወደ 360 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ኋላ ይስባታል፤ በሆዷ ሥር የተጠቀጠቀው በረዶ ደግሞ በዚያ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ በቀስታ ሲጎተት አትወጣም። ረዳቱ ጎማው ሲሽከረከር ያያል፤ ከዚያም ሰንሰለቱን አላልቶ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ይመለስና ተንደርድሮ ይነጥቃል። አደጋው የሚወለደው ከዚህ መንጠቅ ነው። ሁለት ቶን መኪና በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነጥቅና የብረት ሰንሰለት ወይም ካቦ በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሲያስቆመው፣ በመንጠቆዎቹ ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል ከ15 ቶን በላይ ነው። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ብረት ስለማይለጠጥ ይህን ኃይል የሚችልበት መንገድ የለውም፤ ወይ መኪናው ላይ ያለው ማሠሪያ ይነቀላል፣ ወይ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ የተበጠሰውም ብረት እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወርውሮ በኋላ መስተዋት ይገባል። በጣም የከፋው ተሳቢ የሚታሠርበትን የፒካፑን ክብ ብረት ለዚህ ሥራ መጠቀም ነው። እሱ የተሠራው እኩል የሆነ የተሳቢ ጭነት እንዲስብ እንጂ እንዲነጠቅ አይደለም፤ በመንጠቅ ተቆርጦ የተፈናጠረ እንዲህ ያለ ብረት በተለያዩ አገሮች ሰው ገድሏል።

ለዚህ ሥራ የተሠራ ገመድ አለ። ከናይሎን የተጠለፈው ሰፊ ገመድ ሲወጠር ከርዝመቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይለጠጣል። የቅድሙ መኪና ኃይሉን በ5 ሳንቲ ሜትር ፈንታ በአንድ ሜትር ተኩል ውስጥ ቢያሳርፍ፣ በማሠሪያው ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል ወደ ግማሽ ቶን ይወርዳል። መኪና የሚያወጣ ገመድና መኪና የሚሰብር ሰንሰለት የሚለያዩት በዚህ ነው። ግን ሱቅ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለው የሚሸጡት ገመዶች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ የማይለጠጡ፣ በደረቅ መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ቀስ ብሎ ለመጎተት ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ የብረት መንጠቆ ያለባቸው ደግሞ ለመንጠቅ ፈጽሞ አይሆኑም። የሚታሠርበትም ቦታ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብዙ ትንንሽ መኪናዎች ከባምፐሩ ላይ ካለች ትንሽ ክዳን ጀርባ በጥርስ የሚገባ ቀለበት አላቸው፤ ቀለበቱ ከተለዋጭ ጎማውና ከክሪኩ ጋር ይቀመጣል። እሱም ቀጥ ብሎ እንዲሳብ እንጂ ወደ ጎን እንዲጠመዘዝ አልተሠራም፤ ከጥልቅ በረዶ ውስጥ በኃይል ለመንጠቅም አይበቃም። ገመዱን ከባምፐሩ ፕላስቲክ፣ ከመሪ ዘንጎች ወይም ሥር ካገኙት ብረት ላይ ማሠር መኪናውን መስበር ነው። የመመሪያ መጽሐፉ ቦታውን ያሳያል፤ ያንን ገጽ በሰላም ቀን አይቶ ማወቅ ይሻላል።

ከገመዱ ይልቅ ሥራውን የሚሠራው አካፋ ነው፤ ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። መኪናዋ የምትያዘው አብዛኛውን ጊዜ ጎማዋ ስለሰጠመ ብቻ አይደለም፤ በረዶው ሆዷ ሥር ተጠቅጥቆ ክብደቷን ከጎማዋ ላይ ስለሚያነሣው ነው። ያንን በረዶ ከሥሯ ጠርጎ ማውጣት፣ ከአራቱም ጎማዎች ፊትና ኋላ መንገድ መክፈት፣ መሪውን ቀጥ ማድረግ፣ አሸዋ ወይም የእግር ምንጣፉን ከሚነዳው ጎማ ሥር ማስገባት፣ ከዚያም ነዳጅ መስጫውን በስሱ እየነኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ ይቻላል። ጎማውን ማሽከርከር የሚያመጣው ጉዳት ብቻ ነው፤ በሙቀቱ በረዶው ይቀልጥና ተመልሶ ይጋገራል፣ ጉድጓዱም ይለሰልሳል። በዚህ ሁሉ መውጣት ካቃታትና መንገዱ ጸጥ ያለ የሠፈር መንገድ ከሆነ፣ ያኔ ገመዱ ተራው ይደርሳል። የሚጎተተውም ከተቻለ በገባችበት ዱካ ነው፤ ዱካው አስቀድሞ ተረግጧል። በገመዱ መካከል ላይ ከባድ ካፖርት ወይም ብርድ ልብስ ይጣልበታል፤ ገመዱ ቢበጠስ ውርወራውን ያበርደዋል። ከሁለቱ አሽከርካሪዎች በቀር ማንም ሰው ከገመዱ ርዝመት አንድ ጊዜ ተኩል በላይ ርቆ ይቆማል፤ በገመዱ አቅጣጫ ግን ማንም አይቆምም፣ በገመዱ ላይም ማንም አይረማመድም። ሁለቱ አሽከርካሪዎች በስልክ ይነጋገራሉ። አንዱ «በቃ» ሲል ሁለቱም ያቆማሉ።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም እውነት አለበት። ጎታች መኪና ውድ ነው፤ በማዕበል ሌሊት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስወጣ ይችላል። ታክሲ የሚነዳ ወይም ምግብ የሚያደርስ ወገናችን መኪናው እንጀራው ናት፤ በማግስቱ ካልወጣች የቤት ኪራዩ ይጎድላል። ፖሊስ ከመጣ ደግሞ ነገሩ መዝገብ ላይ ገብቶ የመድን ክፍያው ይጨምርብኛል የሚል ሥጋት አለ፤ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ያቃተው ሰውም ወንድሙን ቢጠራ ማን ይፈርድበታል? ለዚህ ያለኝ መልስ ጓደኛ አትጥራ የሚል አይደለም። ጓደኛ ይጠራ፤ ግን የሚያመጣው ይለወጥ። ሙቅ መኪና፣ ብርድ ልብስ፣ የሚጠጣ ትኩስ ነገርና የተሞላ ስልክ ይዞ ይምጣ፤ ሰውን ይዞ ይሂድ። ለመድን ድርጅቱ የሚከፈለው ተጨማሪ የመንገድ ላይ እርዳታ ሽፋን ወይም የአሽከርካሪዎች ማኅበር አባልነት የዓመት ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጊዜ መጎተቻ ክፍያ ያነሰ ነው፤ ከመንገዱ ብዙም ያልራቀች መኪናን ከቦይ ማውጣትንም በአብዛኛው ይጨምራል። የሌሊቱ ማዕበል አልፎ ጠዋት መንገዱ ሲጠረግ ጎታቹም ቶሎ ይደርሳል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። የሚሻለው ይኸው ነው፤ በሌሊት መንጠቅ ሲሰበር ያየነው ሻንሲ ወይም መሪ ከሳምንት ሥራ በላይ ያሳጣል። ቋንቋም ቢሆን ብዙዎቹ የ911 የጥሪ ማዕከላት በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ፤ «አምሃሪክ» ብሎ የቋንቋውን ስም መናገር ብቻ ይበቃል። ያለበትን ቦታ ለማስረዳትም በመንገዱ ዳር ያሉትን ትንንሽ አረንጓዴ የማይል ምልክቶች ማንበብ ነው፤ ቁጥሩ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ሰው ቦይ ውስጥ እየጠበቀ በብርድ ይሞታል፤ ገመድ ያለው ጓደኛ ደግሞ በሃያ ደቂቃ ያወጣዋል፤ ታዲያ እንዴት ጠብቅ ይባላል? ብርዱ እውነተኛ ጠላት መሆኑን አልክድም። ነፋሱ ሲጨመርበት ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ሲሆን የተገለጠ ቆዳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊጋገር ይችላል፤ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ሰው የለበሰው ጥጥም እርጥበት ሲነካው ሙቀት መያዙን ያቆማል። ግን ብርድ በፍጥነት የሚገድለው ከመኪናው የወጣን ሰው ነው። በመኪናው ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከነፋስ ተከልሏል፤ ሞተሩን በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል እያስነሣ ራሱን ማሞቅ ይችላል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ከዚያ በፊት የማርሚታው ጫፍ ከበረዶ መጥራት አለበት፣ በየጊዜውም መታየት አለበት። ጭስ ማውጫው ከታፈነ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የተኙ ልጆችም ሳይነቁ ይቀራሉ። ነፋስ በማይመታበት በኩል አንዱን መስኮት በጥቂቱ መክፈት ያስፈልጋል። በእግር ለመሄድ መውጣት፣ በተለይ ነፋሱ በረዶውን እያነሣ ዕይታን ሲዘጋ፣ የሞት መንገድ ነው። ስለዚህ ጓደኛው በስልክ ቀድሞ የሚያደርገው ትልቁ እርዳታ እነዚህን ነገሮች መናገር ነው፦ ማርሚታውን ጥረግ፣ ልጆቹን አንድ ላይ አስጠጋቸው፣ ድርብ ፍሬቻውን አብራ፣ 911 ደውል፣ ከመኪናው አትውጣ። ይህን የተናገረ ጓደኛ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ሥራውን ግማሽ ጨርሷል። ሲደርስም መኪናውን ከተቻለ ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ በመውጫ መንገድ ላይ ወይም በሠፈር መንገድ ላይ ያቁም። ፖሊስ እዚያ ካለ እሱ ይምራው።

«ለዓመታት ስናወጣ ኖረናል፤ ምንም አልሆንንም» የሚሉም አሉ፤ አብዛኞቹ በረዶን የሚያውቁ፣ እጃቸው የበረታ አሽከርካሪዎች ናቸው። አደጋው ግን በእያንዳንዱ ጉተታ የሚከሰት አይደለም፤ ለዚህ ነው ልምድ የሚያሳስተው። የተለመደው ሰንሰለት ሃያ ጊዜ ቢይዝም በእያንዳንዱ መንጠቅ ውስጡ እየተጎዳ ይሄዳል፤ ጉዳቱም በዓይን አይታይም። እጅግ የተፈተኑት የከባድ መኪና አሽከርካሪዎቻችን ይህን ከሁሉ በላይ ያውቁታል። በኮሎራዶ ኢንተርስቴት 70 ላይ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ባለው ተራራማ መንገድ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ የጎማ ሰንሰለት ሳይዙ መንዳት ለእነሱ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለትንንሽ መኪናዎችም የጎማ ደረጃ ተቀምጧል። በኩቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የበረዶ ጎማ ግዴታ ነው። ሕጉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቦይ ውስጥ እንዳይገባ ነው፤ የበረዶ ጎማ ላስቲክ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ እንኳ አይደርቅም፣ የበጋ ጎማ ግን እየጠነከረ መንገዱን መጨበጥ ያቅተዋል። ጓደኛን ከቦይ ለማውጣት ለፒካፕ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለጓደኛው አራት ጎማዎች ቢውል ብዙ ሌሊቶች በሰላም ያልፋሉ።

በውጭ ያሉ ማኅበሮቻችን፣ ዕድሮቻችንና ቤተ ክርስቲያኖቻችን ይህን ሥራ ለመሥራት ከማንም የተሻሉ ናቸው። ለሐዘንና ለሠርግ ሰው በአንድ ስልክ የሚያሰባስብ ዕድር፣ ለክረምትም ሊያሰባስብ ይችላል። በኅዳር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በመኪና ማቆሚያው ላይ የከባድ መኪና አሽከርካሪ የሆነ አንድ ምእመን የመጎተቻ ቀለበት እንዴት እንደሚገባ፣ የማርሚታ ጫፍ ከበረዶ እንዴት እንደሚጠረግ፣ ለ911 ቦታ እንዴት እንደሚነገር ቢያሳይ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም። በገና ዋዜማ ደግሞ ከማኅሌቱ በፊት መንገዱ እንዴት እንደሆነ ከመንገድ መረጃ መስመሩ ከ511 አጣርቶ ለምእመናን የሚናገር ሰው ይመደብ፤ መንገዱ ከከፋ ሩቅ የሚኖሩት ቅርብ ባሉ ቤተሰቦች ዘንድ ያድሩ። አንባቢ ሆይ፣ ብርዱ ሳይበረታ በመኪናህ ውስጥ አካፋ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ የሱፍ ካልሲና ጓንት፣ የስልክ ቻርጀርና ጥቂት የሚበላ ነገር አስቀምጥ። ጓደኛህ በሌሊት ሲደውልልህ «መጣሁ» ከማለትህ በፊት «ማርሚታውን ጥረግ፤ 911 ደውል፤ ከመኪናው አትውጣ» በለው።